ተቀባይ ያገኘ ድምፅ

በይፋት ቆላ የሐሙስ ማታ ሐድራ ቀስ ብሎ ነው የሚጀመረው። ቤቱ ተጠርጎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ዕጣኑ ከማጨሻው መጨስ ሲጀምር ሰው አንድ ሁለት እያለ ይገባል። ጫማ በር ላይ ይቀራል። ግድግዳውን ተደግፈው በመደዳ ለተቀመጡት ካዳሚው ጫቱን ያድላል፤ ቡናው ጓዳ ውስጥ ይወቀጣል። ከታላላቆቹ አንዱ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ይይዛል። ለዝናቡ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ መውለድ ለዘገየባት፣ ከብቱ ለጠፋበት፣ ለአገሩ ሰላም ይለምናል። በየልመናው መጨረሻ ቤቱ ባንድ ድምፅ «አሚን» ይላል። እስካሁን ያዜመ የለም። ቢሆንም የዜማው ሥራ ከወዲሁ ተጀምሯል፤ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ አየር መሳብና አብሮ መልቀቅ ይዟል።

መንዙማው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አውጪው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ያለ ድቤ፣ የመጀመሪያውን ስንኝ ያወጣል። ነቢዩ ይወደሳሉ፣ ወልዮች ይጠራሉ፣ ፈጣሪ ይለመናል። ተቀባዮቹ አዝማቹን ያነሳሉ። መጀመሪያ ላይ የሚቀበሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላው ገና ከጎኑ ካለው ጋር ስለ ማሾ ዋጋ ያወራል። አውጪው አይቸኩልም። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን ያወጣል። ጭብጨባው ይገባል፣ ድቤው ይከተላል፣ ወሬው ይከስማል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ የተቀመጠው ተነስቷል፣ ትከሻ ከትከሻ ገጥሟል፣ ሰውነት ወደፊትና ወደኋላ አንድ ላይ ይሄዳል። ዓይኑን የጨፈነ አለ። እንባው የሚወርድ አለ። ቃሉ ጠፍቶ እስትንፋሱ ብቻ የቀረ አለ። ሊነጋጋ ሲል የመዝጊያው ዱዓ ተደርጎ ሰው ሲወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ አይመስልም።

በዚያ ቤት ውስጥ በሰዎቹ ላይ የሆነው ምንድን ነው? ዜማና ድምፅ በሰው ስሜት፣ በጤናውና በኅሊናው ላይ የሚሠሩት ሥራ በዓለም ብዙ ቤተ ሙከራዎችን የያዘ ጥያቄ ነው። እኔ መልሱ ከጀውሃና ከአካባቢዋ ቢጀመር ይሻላል እላለሁ። በይፋት ድምፅ ብቻውን አይሄድም። መንዙማ አውጪና ተቀባይ አለው። የደቦ ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው። ሙሾ እንኳ አልቃሿን ተከትሎ የሚያነሳ ሕዝብ ይፈልጋል። ተመራማሪዎች ካለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ወዲህ በመሣሪያ ለክተው የደረሱበት ከዚህ አደረጃጀት ጋር በሚገርም ሁኔታ ይገጥማል። ዜማ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በሚቀበለው ሰው ላይ ነው።

ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው የደሴ መንገድ ላይ፣ ከወንዟ ጋር ስም የተጋራች የይፋት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማበርን ጉም በዋሻው ውስጥ አቋርጦ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ጋቢውን አጣጥፎ መስኮት የሚከፍተው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለ ሙቀት ገብቷል። ከላይ የመንዝ ደጋ፣ ከታች የአፋር ሜዳ አለ። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ይገናኛሉ።

እስልምና እዚህ ሥሩ ጥልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ገልብጦ ይፋትን ኃያል አደረገ፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ በ1332 የይፋቱ ሰብረዲን ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጋር ተዋጋ። ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች በአካባቢው ባጠኗቸው እንደ ኖራ ባሉ ፍርስራሾች ውስጥ የድንጋይ መስጊዶችና ቤቶች ተገኝተዋል። ከዘመናት በኋላ የቃዲሪያ ጠሪቃ በወሎና በይፋት ሲስፋፋ ዚክሩና መንዙማው አብረው ተስፋፉ። መንዙማ ደግሞ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍም ሀብት ነው። ሸህ ጠልሃ ኢብን ጃዕፈር (እ.ኤ.አ. 1853 ገደማ – 1936) አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሙን ወደ ክርስትና ለማስገባት ባስገደዱበት ዘመን እምቢ ካሉት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ፤ ግጥሞቻቸውን በአማርኛ ቋንቋ፣ በዓረብኛ ፊደል ጽፈዋል። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ ሕይወታቸውን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትመዋል። በትምህርት ቤት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስንማር እኚህን ሰው አለማወቃችን ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ወደ ሐድራው እንመለስና ከእስትንፋሱ እንጀምር። ሰው ልቡን «ቀስ በል» ብሎ ማዘዝ አይችልም። እስትንፋሱን ማዘዝ ግን ይችላል፤ ልብ ደግሞ እስትንፋስን ይከተላል። አየር ስንስብ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። የማዝገሚያው ትእዛዝ ከአንጎል ወደ ልብ የሚሄደው ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ በኩል ነው። ረጅም ስንኝ የሚያዜም ሰው ቶሎ ስቦ በዝግታ ያስወጣል፤ ስለዚህ ዜማው ሳይታወቀው ልቡን ያረጋጋለታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኩን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ቀጥሎም የዮጋ ማንትራ ደጋግመው እንዲሉ አደረጉ። በሁለቱም የሰዎቹ እስትንፋስ በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ወረደ፤ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ሞገድም ከእስትንፋሱ ጋር ገጠመ። ተመራማሪዎቹ መቁጠሪያው ወደ አውሮፓ የገባው በመስቀል ጦረኞች እጅ፣ ከዓረቦች ተወስዶ ነው የሚለውንም ያነሳሉ። ተስቢሁን እየቆጠረ የሚያዘግም የይፋት ሽማግሌ ይህን ቢሰማ የሚደንቀው አይመስለኝም።

አንድ ሰው ብቻውን ሲያዜም እንዲህ ከሆነ፣ ብዙ ሰው አብሮ ሲያዜምስ? በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ ቢዮርን ቪክሆፍ የሚመሩት ቡድን የመዘምራን ወጣቶችን የልብ ምት እየለካ መዝሙር አስዘመራቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤት የዘማሪዎቹ ልብ አብሮ እንደሚፈጥንና አብሮ እንደሚዘገይ አሳየ። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ስንኝ የሚያዜሙ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ይተነፍሳሉ። ዱዓው ላይ በየልመናው «አሚን» ሲባል የሚሆነው ይኸው ነው። መንዙማው ከመጀመሩ በፊት ቤቱ ተቃኝቷል።

ከሁሉ ይበልጥ ግን የሐድራን ነገር የሚያብራራው የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ይመስለኛል። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ሰው ከዜማ በኋላ ሕመም የመቻል አቅሙ ይጨምራል ወይ? ሰዎችን ከሙዚቃው በፊትና በኋላ በሕመም ፈተኗቸው። የዘፈኑት፣ የጨፈሩትና ከበሮ የመቱት ሕመም የመቻል አቅማቸው ጨመረ። ተቀምጠው ሙዚቃ የሰሙት ግን አልጨመረላቸውም። ተመራማሪዎቹ ይህን የሚያያይዙት ኢንዶርፊን ከሚባለው፣ ሰውነት ራሱ ከሚሠራው የሕመም ማስታገሻ ጋር ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ብራዚል ውስጥ በተማሪዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ነገሩን ለሁለት ከፈለው። አካልን ማድከም ለብቻው፣ ከሌሎች ጋር አንድ ላይ መንቀሳቀስም ለብቻው፣ ሕመምን የመቻል አቅም ይጨምራሉ፤ ሁለቱም አብረው የጨፈሩትን ሰዎች እርስ በርስ ያቀራርባሉ። ትከሻ ገጥሞ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያሟላል።

የአውጪው አለመቸኮልም ትርጉም አለው። በሞንትሪያል ቫሎሪ ሳሊምፑርና ሮበርት ዛቶሬ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ሰውነታቸውን የሚወርራቸውን ዜማ እያሰሙ አንጎላቸውን ተመለከቱ። ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ዜማው ልብ በሚሰርቅበት ቅጽበት ብቻ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ሰውየው ያንን ቅጽበት በሚጠብቅበት ጊዜም በሌላ የአንጎል ክፍል ይለቀቃል። መጠበቅ ራሱ ደስታ ነው። አዝማቹ የት ላይ እንደሚመለስ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ጎበዝ አውጪ ስንኙን ትንሽ ያስረዝማል፣ ድምፁን ያንጠለጥላል፣ ሕዝቡ ሊያነሳ ሲል አንድ እስትንፋስ ያህል ያቆየዋል። ከዚያ ሲለቅቀው የሚወጣው ድምፅ ጣሪያ የሚያነሳ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። በሐድራው ቤት ያለው ድምፅ ብቻ አይደለም። ጫት አለ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ የሆነ አነቃቂ ነው፤ እንቅልፍ ያርቃል፣ ትኩረት ያጠራል፣ ሲበዛም ይጎዳል። ቡና አለ። ዕጣኑም ከንቱ ጭስ ላይሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ከዕጣን ሙጫ የወጣ ኢንሴንሶል አሲቴት የተባለ ንጥረ ነገር ጭንቀትን የማርገብ ባሕርይ እንዳለው አመልክቷል። በዚያ ላይ ሌሊት አለ፣ እምነት አለ። ይህን ሁሉ ለያይቶ ለዜማው ብቻ ድርሻውን መስጠት ከባድ ነው። ነገር ግን ያንኑ ጫት ይዞ በርጫ ላይ ሲያወጋ የሚያመሽ ሰው የሐድራው ሰው የሚደርስበት አይደርስም። ጫቱ ያነቃዋል፤ ንቃቱን የሚወስደው ቦታ የሚሰጠው መንዙማው ነው።

ይህን ከሳይንሱ በፊት ያሰቡበት ሊቃውንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ በታላቁ ኢሕያእ መጽሐፋቸው ውስጥ ለዜማ መስማትና ለሚያመጣው ተመስጦ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥተዋል። ዜማ በልብ ውስጥ የሌለውን አያስገባም፣ ያለውን ይቀሰቅሳል የሚለው ሐሳብ የክርክራቸው መሠረት ነው። ስለዚህ ፍርዱ በዜማው ላይ ብቻ አይደለም፤ በሰሚው ልብ፣ በቦታው፣ በጊዜውና አብረውት ባሉት ሰዎች ላይ ጭምር ነው።

የእኛው ትዝታ ለዚህ ሐሳብ ከሚገኙ ምስክሮች ሁሉ የተሻለ ነው። በአውሮፓ ሙዚቃ ሜጀር የደስታ፣ ማይነር የኀዘን ነው ሲባል ሰምተናል። ትዝታ ሜጀር በድምፆቹ ርቀት ከአውሮፓው ባለ አምስት ድምፅ የሜጀር ስኬል ጋር አንድ ነው፤ እዚያ የልጆች መዝሙር በሚሆንበት ድምፅ እዚህ ሰው ያለፈ ፍቅሩን፣ የሞተ እናቱን፣ የራቀ አገሩን አስቦ ያለቅሳል። የባቲና የአምባሰል ቅኝቶች ከወሎ ቦታዎች ስማቸውን ወስደው፣ አንቺ ሆዬም ተጨምሮ፣ እያንዳንዳቸው አድማጩን ወደ የራሳቸው ስሜት ይወስዱታል። ይህ ማለት ግን በዜማ ውስጥ ለሰው ሁሉ የሚናገር ነገር የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሜሩን ተራሮች የሚኖሩ፣ የምዕራቡን ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ የማፋ ሰዎች ደስታ፣ ኀዘንና ፍርሃት የያዙ የፒያኖ ዜማዎችን እየሰሙ የትኛው የትኛው እንደሆነ ከአጋጣሚ በላይ ለዩ። ፍጥነት፣ ጉልበትና የድምፁ ሸካራነት ለሁሉም ሰው ይናገራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ማለትም ናፍቆቱና ትዝታው፣ እናት ልጇን እሹሩሩ ካለችበት ቀን ጀምሮ የምንማረው ነው።

ከይፋት ቀና ሲሉ በሚታየው ደጋ ደግሞ ሌላ የድምፅ ትምህርት ቤት አለ። ስንክሳሩ ግንቦት 11 ቀን የሚያስበው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ምዕት ዓመት በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ በዜማው የተመሰጠው ንጉሥ የተደገፈበት ጦር የያሬድን እግር ወጋው፤ ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም አልታወቃቸውም፤ ያወቁት ዜማው ካለቀ በኋላ ነው። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የደንባርን ጥናት ካነበብኩ ወዲህ ግን ሁለት ሰዎችን ለይቼ አየሁበት። ያሬድ ሕመሙን የረሳው እያዜመ ነው። ንጉሡ ግን ዝም ብሎ የቆመ ሰሚ ነበር፤ ሆኖም በእጁ ያለውን ጦር እስኪረሳ ድረስ ሄዷል። መቀበል በአፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በገናን ሳስብም እዚሁ እደርሳለሁ። አሥር አውታር ያለው፣ አውታሩም ከበግ አንጀት የሚሠራው ይህ መሣሪያ ጭብጨባ የለውም፣ ተቀባይ ሕዝብ የለውም። ደርዳሪው በለሆሳስ ለራሱና ለፈጣሪው ይላል። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው እንዚራ የተባለ ትንሽ ቆዳ እያንዳንዱን ድምፅ ያነዝረዋል፤ ቤልጅጋዊቷ ተመራማሪ ስቴፋኒ ዌይሰር ይህን ንዝረት ለብዙ ዓመታት አጥንታዋለች። ወፍራም ድምፅ፣ ሳይለወጥ የሚመላለስ አመታት፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚሰማ ንዝረት ነው። ዐቢይ ጾም ላይ ሲደረደር ሰሚው በሁዳዴ የቆየ፣ ስለ ኃጢአቱና ስለ ሞቱ ሲያስብ የሰነበተ ሰው ነው፤ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ዝምታው ራሱ ይቀበላል። በደርግ ጊዜ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና ትምህርት ሲቆም መምህሩ ዓለሙ አጋ ማስተማሩን ትተው ንግድ ገቡ፤ በገናቸውን ግን አልተዉም፤ ዛሬ በገና የሚማሩ ወጣቶች በብዛት የሚታዩት እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ስላቆዩት ነው።

ከበሮ ብቻውን ሰውን ከራሱ ያወጣል የሚሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የከበሮ ምት የአንጎልን ሞገድ ስለሚጎትት ሰው ይሰክራል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ፈረንሳዊው ዢልበር ሩዤ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ሞገተው፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ከበሮ የሰማ አፍሪካ ሁሉ በወደቀ ነበር። የእኛ የዛር ቤት ለሩዤ ይመሰክራል። ፈረንሳዊው የባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ መልካም አየሁ በተባለች የዛር ባለቤት ቤት ተቀምጦ የመዘገበው ይህንኑ ነው። ከበሮውን የሚመታው አይጓራም፤ የምትጓራው የራሷ ዛር ዜማ የተዜመላት ሴት ናት፣ ጎረቤቷ ደግሞ ያንኑ ከበሮ እየሰማች ታጨበጭባለች። ድምፁ ለሁሉም እኩል ደርሷል። የተጠራችው ግን አንዷ ናት።

የሌሊቱን ድምፅ ብቻ ካወራሁ ይፋትን አጎድላታለሁ። ማሽላው ዘለላ ሲያወጣ የጀውሃና የሸዋ ሮቢት ማሳ ከንጋት ጀምሮ በጩኸት ይሞላል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያስወነጭፋሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ግሪሳ ሲመጣ ከማሳ ማሳ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ያ ጩኸት ለሰሚው የጥጋብ ዜና ነው፤ እህሉ ደርሷል፣ ጠባቂ አለው። አጨዳ ላይ ደቦው ሲወጣ አውጪው ያወጣል፣ አጫጆቹ እየተቀበሉ ማጭዱን በምቱ ያስኬዱታል፤ ብቻውን ቢያጭድ ወገቡን ይዞ ቁጭ የሚል ሰው ከደቦው ጋር እስከ ማታ ይዘልቃል። ሳይንሱ እዚህም ያው የብራዚሉ ሳይንስ ነው።

ነገር ግን ጅራፍ ሲጮህ የሚደነግጥ ሰው በዚህ አካባቢ በዝቷል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል በአካባቢዋ ያሉ ከተሞች፣ ጀውሃና ሸዋ ሮቢት ጭምር፣ በጥቃቱ ተናጡ፤ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከዚያ ወዲህም ተኩስ ከአካባቢው ጆሮ አልራቀም። ጆሮ ክዳን የለውም፤ ሰው ሲተኛም ይሰማል። ድንገተኛ ኃይለኛ ድምፅ ገና ምን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ፣ ጡንቻን ያኮማትራል። ይህ ድንጋጤ እንዴት እንደሚለመድ ደግሞ የአንጎል ተመራማሪው ጆሴፍ ሌዱ በአይጦች ላይ ባደረገው ረጅም ጥናት አሳይቷል። አንድ ድምፅ ከሕመም ጋር አንዴ ከተያያዘ፣ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል በአጭሩ መንገድ ይቀበለውና ድምፁ ብቻውን በመጣ ቁጥር ሰውነትን ለሽሽት ያዘጋጃል። ሞተር ብስክሌት ሲያንኳኳ የምትደበቅ ልጅ፣ በር በንፋስ ሲዘጋ ተነስቶ የሚቆም አባት ፈሪዎች አይደሉም። ጆሯቸው ያስተማራቸውን እየሠሩ ነው።

ታዲያ በድምፅ የመጣን በድምፅ መመለስ ይቻላል? የዓለም የጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከ3,000 በላይ ጥናቶችን መርምሮ ኪነ ጥበብ በሽታን በመከላከልም በማከምም ድርሻ እንዳለው ደምድሟል፤ ሙዚቃ ጭንቀትንና ድብርትን በማቅለል ረገድ በሰፊው ከተጠኑት አንዱ ነው። መድኃኒትን ይተካል የሚል የለም፤ እኔም አልልም። የከፋ ሕመም ሐኪም ይፈልጋል። ነገር ግን ለተፈናቀለ ሕዝብ የሥነ ልቦና እርዳታ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ የተቀዳ የሥልጠና ጽሑፍ ነው። ይፋት ውስጥ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው፣ ገላው የለመደው፣ አብሮ መተንፈስን የሚያስተምር ሥርዓት ሞልቷል። ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ «እናንተ ሲከፋችሁ ምን ታዜማላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ እንዲበዛ እመኛለሁ።

ይህ ሥርዓት ግን ራሱ አደጋ ላይ ነው። ሐድራና መንዙማን ከሃይማኖቱ ውጭ የመጣ አድርገው የሚነቅፉ ሙስሊሞች አሉ፤ ክርክሩ የእነሱ ነው፣ ሊቃውንቱ ይጨርሱት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። በካሴት ዘመን የሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ ከየሱቁና ከየአውቶቡሱ ይሰማ ነበር፤ አሁን በየስልኩ አለ። መቅረጹ በረከት ነው፤ ያለዚያ ስንቱ ጠፍቶ በቀረ። ነገር ግን ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ወጣት አውጪውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ተቀባይ ሆኖ አያውቅም፤ እስትንፋሱን ከማንም ጋር አልገጠመም። የደንባር ጥናት ተቀምጠው የሰሙት ላይ ያጣውን ነገር ይኸው ወጣት እያጣው ነው። ዕድሜያቸው የገፋ አውጪዎች ሲያልፉ ደግሞ ግጥሙ ቢቀረጽ እንኳ ማስረዘሙና ማንጠልጠሉ፣ ሕዝቡን አይቶ ፍጥነት መለወጡ አብሮ ያልፋል፤ ያ በቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እየተቀበሉ ካልሆነ አይለመድም።

ስለዚህ የሥነ ልቦና እርዳታውም ሥርዓቱን ማቆየቱም መጀመር ካለበት ቦታ አንዱ ወዳጃ ነው እላለሁ። ጭንቅ የያዛት ሴት ቡና አፍልታ ጎረቤቶቿን ትጠራለች። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ችግሯ ይነገራል፣ ዱዓው በእሱ ላይ ይያዛል፣ ሴቶቹ አሚን እያሉ ያዜማሉ። ወጪው ቡናና ቆሎ ነው። በጀውሃ፣ በሰንበቴና በአጣዬ ቤታቸው የፈረሰባቸውና ልጃቸው የሞተባቸው እናቶች ይህን ያውቁታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እነዚህን ሴቶች ቤት ለቤት ትዞራቸዋለች፣ አብዛኛውን ጊዜም የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። ወዳጃ ሲጠራ ገብታ ብትቀመጥ፣ አሚን ብትል፣ እንቅልፍ ያጣችውንና ምግብ የተወችውን ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ ብትወስድ አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም።